በስልክሽ ስሚው

የአባባ አርባ በወጣ በሦስተኛው ቀን ክንዱ ፍላሽ ላከልኝ። ራሱ አልመጣም፤ የአክስቴ ልጅ ጽጌሬዳ ናት ከደብዳቤ ጋር ያመጣችልኝ። በፍላሹ ቀዳዳ እንደ ቀለበት አድርጎ ያሰራት የማሲንቆ ጭራ አለች። እሷን ሳይ፣ ገና ደብዳቤውን ሳልገልጥ፣ ሆዴ ባባ። ወይ ሆድ! ዓመት ሙሉ «ጠልቼዋለሁ፣ ረስቼዋለሁ» እያልሁ ያስጠናሁት ሆድ በአንዲት የፈረስ ጭራ ተሸነፈ።

ደብዳቤው አጭር ነበር።

«ለእስከዳር። እግዚአብሔር ያጥናሽ። ቀብር መጥቼ ከኋላ ቆሜ ነበር፤ አላየሽኝም፤ እንድታዪኝም አልፈለግሁም። የጠየቅሽኝ የአባትሽ ድምፅ እዚህ ላይ አለ። የእንፍራንዙ ሠርግ ሙሉውን ነው፤ ምርቃታቸውን ከመሃሉ ታገኚዋለሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። በስልክሽ ስሚው። በእነዚያ ሞኒተሮች አትስሚው። ምነው ብለሽ አትጠይቂኝ። ማግባቴን ሰምተሻል፤ ይመኙሽ ደግ ሰው ናት። ክንዱ።»

ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ሦስቱንም ጊዜ «ደግ ሰው ናት» የምትለው ላይ ስደርስ ዓይኔ ጭልም ይልብኛል። ክፉ ብትሆን ምን ነበረበት!

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። ጎንደር ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ዝቅ ብሎ ባለው በአጎቴ በአያ ሰውአገኝ ሱቅ ስፒከር፣ ሚክሰርና ማይክ እሸጣለሁ። ምላሷ ስለታም ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። እናቴ የሞተችው እኔ ገና ጥርስ ሳላበቅል ነው። እናትም አባትም ሆነው ያሳደጉኝ አባባ ናቸው፤ መሪጌታ ምስጋናው። ናቸው አልሁ? ነበሩ። ዜማቸውን ሊሰማ ሰው ከሩቅ ደብር ይመጣ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ድምፃቸውን ለመቅጃ ሰጥተው አያውቁም። «ድምፄን ለፈጣሪ ሰጥቻለሁ፤ ለማኪና የሚተርፍ የለኝም» ይሉኝ ነበር። ሲሞቱ፣ ድምፅ እሸጣለሁ የምለው እኔ የአባቴን አንዲት ቃል አጣሁ። የቀረችኝ ክንዱ በጽጌሬዳ ሠርግ የቀዳት ምርቃት ብቻ ነበረች። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ በጽጌሬዳ በኩል ለመንሁት።

ክንዱን ያወቅሁት ስፒከር ሊመርጥ መጥቶ ነው፤ ካቻምና ነሐሴ ላይ። አዘዞ በተከራያት አንዲት ክፍል የሙዚቃ መሥሪያ ሊያሰናዳ ነበር። ቀጭን፣ ሲናገር ዓይኑን ከመሬት የማያነሳ ሰው።

አያ ሰውአገኝ እንደ ልማዳቸው በትልቁ ጀመሩ። «ባለ ዐሥራ አምስት ኢንቹን ውሰድ የኔ ልጅ! ሰፈሩን ነው የሚያንቀጠቅጥልህ!»

«ሰፈሩን ማንቀጥቀጥ አልፈልግም፣ አያ። የአባቴን ማሲንቆ እንዳለ መስማት ነው የምፈልገው።»

ጣልቃ ገባሁ። «ክፍልህ ስንት በስንት ናት?»

«በእርምጃ አራት በሦስት።»

«ለእሷማ ባለ አምስቱ ይበቃሃል። ትልቁን ብታስገባባት ቤዙ፣ ያ ወፍራሙ ድምፅ፣ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላጋ እውነቱን ይሸፍንብሃል።»

«እውነቱን?»

«አዎ። የሠርግ ስፒከር አባባይ ነው፤ መጥፎውንም አሳምሮ ያሰማሃል። ይኼ ግን የስቱዲዮ ሞኒተር ይባላል፤ አይዋሽም። የሳልኸው ሳል፣ የሳትኸው ጣት፣ በሩቅ የተንሾካሾከ ሰው፣ ሁሉንም ያወጣብሃል። መሞገስ ለለመደ ጆሮ አይሆንም።»

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «እንዳንቺ ማለት ነው» አለኝ። ገመድ የምፈልግ መስዬ ከጠረጴዛው ሥር ገባሁ። እኔ! ምላሰኛዋ!

ባለ አምስቱን እንደሚወስድ በመጀመሪያው ቀን ታውቆ ሳለ ምርጫው አምስት ወር ፈጀ። ዛሬ «ከግድግዳው ክንድ ያህል ብናርቃቸውስ?» ይላል፤ ነገ «አዲስ ቅጂ አለኝ፣ ልሞክርባቸው» ይላል። የአባቱን ማሲንቆ ከፍተን እንሰማለን። ደጋኑ ጭራውን ሲነካ የምትወጣው ያቺ የመጀመሪያ ሻካራ ድምፅ እስክትመጣ ትንፋሻችንን እንይዛለን። ሁለቱ ስፒከሮችና የሰሚው ራስ እኩል ሦስት ማዕዘን ሲሠሩ ነው ድምፁ ጥርት የሚለው፤ ያ መሃል ደግሞ የሚበቃው ለአንድ ሰው ነው። እኛ ሁለት ነበርን። ጥቅምት ላይ፣ አያ ሰውአገኝ ለምሳ ወጥተው ሳለ፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ብንገጣጠም ለሁለታችንም እንደሚበቃ አገኘን። ጸጉሩ ጆሮዬን ሲነካኝ ማሲንቆው ይሁን ልቤ የሚመታው መለየት አቃተኝ።

በዚያው ሰሞን ስለ ሙያው ጠየቅሁት። «ሰው ‹ተቀበል› ብሎ ነውር ግጥም ሲሰጥህስ?»

«እቀበላለኋ። አዝማሪ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ይሰጣል፤ የተሰጠውን በራሱ አፍ ይላል። ማን እንደሰጠው ግን አይናገርም። አባቴ ‹የሰጪን ስም የምታወጣ ከሆነ ማሲንቆውን አስቀምጠህልኝ ሂድ› ብሎኛል።»

«ሰጪው ተደብቆ፣ የተሰደበው ሰው አንተን ቢጠላህስ?»

«ይጠላኛላ» አለ እየሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አበስኩ ገበርኩ! በምን እንደሳቅሁ አሁን ሳስበው ያመኛል።

አንድ ቀን አባባ ከሱቁ ደጅ ድንገት ብቅ አሉ፤ የቤት ቁልፍ ረስቼ ሊያቀብሉኝ። እኔና ክንዱ ተስፈንጥረን ተለያየን። አባባ በርጩማ ስበው ተቀመጡና ማሲንቆውን እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

«የአዝማሪ አዘዘ ልጅ ነኝ፣ የኔታ።»

«ደግ» አሉ። ቁልፉን ሰጥተውኝ ወጡ። እቤትም ስገባ ምንም አላሉኝ። እኔ ሞኟ ምንም አልገባቸውም ብዬ ደስ አለኝ። በእኛ አገር አዝማሪ ይጠራል፣ ይሸለማል፣ ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል፤ ልጅ ግን አይሰጠውም። አጥንት ይቆጠራል። አባባ ደግሞ ከነአያት ቅድመ አያታቸው የደብር ሰው ነበሩ።

ጥር መጣና ጽጌሬዳ እንፍራንዝ ላይ ተዳረች። ክንዱ ለሠርጉ ተጠርቶ ነበር። በዋዜማው ሱቅ መጥቶ «እዚያ ለአንቺ የምለው ግጥም አለኝ» አለኝ። «ስትሰሚው ታውቂዋለሽ። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ እልካለሁ። ካባረሩኝም ያባርሩኝ፤ ሳልጠይቅ አልቀርም።»

በሠርጉ ቀን ከዳሱ ጀርባ ወጥ አውጪ ነበርሁ። የማየው መጋረጃ ብቻ ነው፤ የምሰማው ከድምፅ ማጉያው የሚወጣውን ብቻ። ክንዱ ሙሽራዋን አወደሰ፣ ሚዜዎቹን አሳቀ፤ እኔ ጭልፋ ይዤ ግጥሜን እጠብቃለሁ። ከዚያ ማሲንቆው ለአፍታ ዝም አለና እንዲህ ሲል ሰማሁት፦

የሱቋን ልጅ በሏት መንገድ መንገድ አትይ፣
ዕቃ ልመርጥ መጣሁ፣ ላግባሽ ብያት ነወይ!

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ለእነሱ ተራ ቀልድ ናት። የሱቋ ልጅ ማን እንደሆነች የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን ብዬ ነበር። ሰጪ ይኖረው ይሆን የሚል ሐሳብ በደጄም አላለፈ፤ ግጥም ቃል ገብቶልኝ ነበርና፣ የጠበቅሁት ግጥም ይኸው መጣልኝ። ጭልፋው ከእጄ ወደቀ። ወዲያው አባባ ማይኩን ይዘው ሙሽሮቹን መረቁ፤ ድምፃቸው ይቆራረጥ ነበር። በደስታ ነው አልሁ።

ከዚያ በኋላ ስልኬን ዘጋሁበት። ሁለት ጊዜ ሱቅ መጥቶ «የለችም» አስባልሁት። በሦስተኛው ራሴ ወጣሁና «ዕቃህን መርጠህ ጨርሰሃል፤ ምን ቀረህ?» አልሁት። አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ከዚያ መልሶ ዘጋው። «ምንም» አለ። አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ፣ አፍሮ ነው ብዬ ፈረድሁ። ዓመት ሞልቶ፣ በሌላው ጥር፣ ሚስት ማግባቱን ሰማሁ። በየካቲት አባባ አረፉ።

ታዲያ ደብዳቤው የመጣ ዕለት እንደለመነኝ አደረግሁ፤ ወደ ስልኬ ገልብጬ ሰማሁት። ሁካታ፣ እልልታ፣ ማሲንቆ፣ ያቺ የተረገመች ግጥም፣ ከዚያ የአባባ ምርቃት። አለቀስሁ፤ ግን ለቅሶዬ አላጠግብ አለኝ። የስልክ ድምፅ ቀጭን ነው፤ የአባባ ድምፅ ደግሞ ወፍራም ነበር፤ ደረታቸው ላይ ተኝቼ ያደግሁ ልጅ ነኝ፣ ወፍራሙን ነው የምፈልገው። በማግስቱ አያ ሰውአገኝ ለምሳ ሲወጡ የሱቁን በር ገርበብ አደረግሁ። ባለ አምስቶቹ ያው እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበሩ። ገዢ በመጣ ቁጥር «የታዘዙ ናቸው» እያልሁ ዓመት ከመንፈቅ ያስቀመጥኋቸው። ፍላሹን ላፕቶፑ ላይ ሰካሁና መሃል ላይ፣ ብቻዬን፣ ተቀመጥሁ። አትስሚው መባሌን አልረሳሁም። የሰው ልጅ አይደለሁ?

መቅጃዋን ማሲንቆው አንገት ላይ አስሯት ኖሮ የክንዱ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። ምርቃቱን ልፈልግ ብዬ ከግጥሟ ጥቂት ቀደም ካለችው ቦታ ለቀቅሁት።

መጀመሪያ የሰማሁት ጉሮሮ ሲጠረግ ነው። እምም፣ እም። አባባ ዜማ ከመጀመራቸው በፊት እንደዚያ ያደርጉ ነበር። ደስ ብሎኝ ፈገግ አልሁ። ከዚያ፣ ከማሲንቆው ሥር፣ ቀስ ብሎ፦

«ተቀበል።»

«እሺ የኔታ» አለ የክንዱ ድምፅ፤ ሲጎነበስ ልብሱ ይንኮሻኮሻል።

የአባቴ ድምፅ፣ ያ ወፍራሙ፣ በሹክሹክታ ሁለቱን መስመር ሰጠው። አንድም ቃል አልሳቱ።

ማሲንቆው ዝም አለ። «የኔታ፣ ይህን አይስጡኝ» አለ ክንዱ። «ሌላ የፈለጉትን ይስጡኝ። እግርዎ ላይ ልውደቅ።»

«ተቀበል አልሁህ።»

ከዚያ አንድ ትንፋሽ። ከዚያ ዘፈነው። ዳሱ ሳቀ። በሳቁ መሃል፣ ለክንዱ ጆሮ ብቻ፣ አባባ እንዲህ አሉ፦ «አንድ ናት ልጄ። ሌላ የለኝም። አንተ ክፉ አይደለህም፤ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ ልጄ።» እያለቀሱ ነበር። ያንኑ እንባ ሳይጨርሱ ማይክ ሰጧቸውና ሙሽሮቹን መረቁ።

ድምፃቸውን ስጠኝ ብዬ ለምኜ ነበር፤ ተሰጠኝ። ልጮህባቸው ፈለግሁ፤ በማን ላይ ልጩህ? አፈር ቀምሰዋል። ልጠላቸው ሞከርሁ፤ «አንድ ናት ልጄ» የምትለዋን መልሼ መልሼ እየሰማሁ እንዴት ልጥላቸው? ክንዱ ያን ቀን ሱቁ ደጅ ከንፈሩን ከፍቶ የዘጋት ቃል ይህች ነበረች። ብትወጣ ኖሮ እሱን አገኝ ነበር፣ አባቴን ግን በሕይወት ሳሉ አጣቸው ነበር። እሱ እኔን አጥቶ አባቴን ተወልኝ። እኔ ደግሞ «ዕቃህን መርጠህ ጨርሰሃል» አልሁት። ምላሴን ምነው ያን ጊዜ በቆረጠልኝ!

አንዱን ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልመለስሁትም። ያቺን ቦታ በአንድ ጣት መቁረጥ ይችል ነበር፤ ሥራው ነው። አልቆረጣትም። በስልክሽ ስሚው ብሎ ለመነኝ እንጂ አልቆረጣትም።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ አያ ሰውአገኝ ሱቁን ትተውልኝ ወጣ ባሉበት፣ እሱው መጣ። ከሚስቱ ጋር። ይመኙሽ ጠይም፣ ሳቂታ፣ ድምፅዋ ለስላሳ ሴት ናት። «እግዜር ያጽናሽ እኅቴ፣ አባትሽን ሰምቻለሁ» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። እውነቱን ነው፤ ደግ ናት።

«ስፒከር እንግዛ ብዬ ጎትቼ አመጣሁት» አለችኝ። «ቀን ከሌት ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ እየሠራ ጆሮውን አመመው። እኔ አላውቅበትም፤ የቱ ነው ሸጋው?»

ክንዱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። መደርደሪያው ላይ ያሉትን ባለ አምስቶቹን አወረድሁ። ዓመት ከመንፈቅ የታዘዙ ናቸው ስል ውሸቴን አልነበረም።

«እነዚህ ናቸው።»

«ከሌላው በምን ይለያሉ?»

«አይዋሹም» አልኋት። ክንዱ ፊቱን ወደ ደጁ አዞረ።

አቀማመጡን ነገርኋት። ከግድግዳ ክንድ ያህል ይራቁ፤ ከጆሮ ትክክል ይሁኑ፤ ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ ጥርት ያለው ድምፅ መሃል ላይ ነው፤ መሃሉ የሚበቃው ለአንድ ሰው ነው።

«ውይ! እሱ ሲሰማ እኔ ልቀር ነዋ?» ብላ ሳቀች።

ዝም ማለት እችል ነበር። ያቺ ቦታ የእኔ ነበረች፤ በዚህ ዓለም ላይ የእኔና የእሱ የምላት እሷ ብቻ ናት። ግን የሴትየዋ ዓይን ንጹሕ ነው።

«ጭንቅላት ለጭንቅላት ብትገጣጠሙ ለሁለት ይበቃል» አልኋት።

የክንዱ ትከሻ ሲወዛወዝ አየሁ። ይመኙሽ ግን በደስታ አጨብጭባ ባጃጅ ልትጠራ ወጣች።

ሁለታችን ቀረን። እሱ ገመዱን ሊነቅል ወደ ጠረጴዛው መጣ፤ ዓይኑ እንደ መጀመሪያው ቀን መሬት ላይ ነው።

«በምን ሰማሽው?» አለኝ።

እውነቱን ብነግረው ምን አገኛለሁ? «ይቅር በለኝ» ብዬ እግሩ ላይ እወድቃለሁ፤ እሱም ያነሳኛል፤ ከዚያስ? ደጅ ላይ ባጃጅ ይዛ የምትጠብቅ ሰው አለች። ዓመት ሙሉ የተሸከመው ነገር እንደተሸሸገ ይቅርለት።

«በስልክ» አልሁት። «ምርቃታቸው ጥርት ብሎ ይሰማል። ሌላ ምንም የለም። እግዜር ይስጥህ።»

ትከሻው ረገብ አለ። «ደግ አደረግሽ» አለና ገመዱን ሊነቅል ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አለ። እንደጎነበሰ ቀረ።

ፍላሹ ተሰክቶ ነበር። የማሲንቆ ጭራዋ ከጎኑ ተንጠልጥላለች። ገመዱ ከላፕቶፑ ቀጥ ብሎ ወደ ሞኒተሮቹ ይሄዳል። ማውጣት ረስቼ፣ እኔ ገልቱዋ!

ነቀለው። መዳፉ ውስጥ ያዘው። ቀና ሲል ዓይኑ ሞልቶ ነበር፤ የእኔም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያን የጥቅምቱን ያህል ተያየን። ልናገር አፌን ስከፍት ራሱን ነቀነቀ፤ አይሆንም ማለቱ ነው።

«በስልክ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«በስልክ» አልሁት።

ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ። ሁለቱን ስፒከር አቅፎ ወጣ። ባጃጇ ቁልቁል ወደ አዘዞ መንገድ ስትሄድ ይመኙሽ ከውስጥ እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔም አወዛወዝሁላት።

አያ ሰውአገኝ ተመልሰው ባዶውን መደርደሪያ ሲያዩ «እሰይ! በስንት ጊዜያቸው ተሸጡ!» አሉ። ሁለት አራት ማዕዘን ንጹሕ ቦታ፣ ዙሪያውን አቧራ። ጨርቅ አንስቼ መጥረግ አቃተኝ። ስልኬን አወጣሁና የአባባን ምርቃት ከፈትሁ። አያ ሰውአገኝ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ቆመው ሰሙ። አማቻቸው ነበሩና ይወዷቸው ነበር።

«ነፍሳቸውን ይማር» አሉ። «ምነው ግን ድምፃቸው እንዲህ ተሰበረ?»

«በደስታ ነው፣ አያ» አልኋቸው፤ ፊቴንም ወደ መደርደሪያው አዙሬ አለቀስሁ።